ሽንት ቤቱ የጉድጓዳችንን ውሃ ናይትሬት አበዛው? መልሱን ለማግኘት የትኛው የመለኪያ መንገድ ይሻላል

አክስቴ ግቢ ውስጥ የውሃ ጉድጓዱን ከሽንት ቤቱ የሚለየው አንድ የሙዝ ተክልና ሁለት የቡና ዛፍ ነው። በገመድ ለካሁት፤ 14 ሜትር ሆነ። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤት የኪራይ ክፍሎች ደርድሯል። የእነሱ ሴፕቲክ ታንክ ደግሞ ከአክስቴ ጉድጓድ 9 ሜትር ላይ ነው።

"ልጄ፣ ይሄን ውሃ ሃያ ዓመት ጠጥተነዋል፤ ምን አደረገን?" አለችኝ።

ውሃው ጥርት ያለ ነው። ቀዝቃዛ ነው፣ ይጣፍጣል። የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ናይትሬት ከፍሳሽ፣ ከፍግና ከማዳበሪያ ወደ ውሃ የሚገባ የናይትሮጅን ውህድ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ምላስ ላይም አይታወቅም። ካልለኩት መኖሩ አይታወቅም።

"እንለካው" ስል ግን ምክሩ በዛብኝ። አንዱ "30 ሜትር ከራቀ ምንም አይሆንም" ይላል። ሌላው ከሱቅ የሚገዛ ወረቀት ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ከላብራቶሪ ውጭ ያለው ዋጋ የለውም ይላል። ኢሶቶፕ የሚባል ነገር የሚያነሳም አለ። ሁሉም ከፊል እውነት ይዘዋል። ልዩነቱ እያንዳንዳቸው የሚመልሱት ጥያቄ ለየብቻ መሆኑ ነው። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ጉድጓድ ላላቸው ቤተሰቦች፣ ለቀበሌና ለወረዳ የውሃ ሠራተኞች፣ እንዲሁም በገጠር ከተማ ቤት ሊሠሩ ላሰቡ ሰዎች ነው።

## መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ

ከሰው የሚወጣው ናይትሮጅን አብዛኛው ያለው ሽንት ውስጥ ነው። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ኦክስጅን ስለሌለ አሞኒየም የሚባል ሌላ የናይትሮጅን ውህድ ሆኖ ይቀመጣል። ፍሳሹ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ አልፎ አየር ያለበት አፈር ሲያገኝ፣ ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አፈር ብዙ ተህዋስያንን ያጣራል። አሞኒየምንም በተወሰነ ደረጃ ይዞ ያስቀራል። ናይትሬትን ግን አይዝም። ዝናብ ሲመጣ አብሮ ወደ ታች ይወርዳል።

ስለዚህ ሴፕቲክ ታንኩ በደንብ ተሠርቷል ማለት ናይትሬት አይወጣም ማለት አይደለም። ጥሩ ማስረጊያ ያለው ጤናማ ሴፕቲክ ራሱ ናይትሬት ያመርታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር ውሃ 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። ወሰኑ በዋናነት የታሰበው ለጨቅላ ሕፃናት ነው። በ1945 ሀንተር ኮምሊ የተባለ የአሜሪካ ሐኪም በአዮዋ ግዛት በጉድጓድ ውሃ የተበጠበጠ ወተት የጠጡ ሕፃናት ቆዳቸው ወደ ሰማያዊ መለወጡን ዘገበ። ናይትሬቱ ሰውነት ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት ከሁሉም በላይ ይጎዳሉ። ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ግን ከዚህ አደጋ የተጠበቀ ነው፤ እናትየው የጠጣችው ናይትሬት በጡት ወተቷ ውስጥ አይከማችም።

አንድ ነገር አደራ። ውሃውን ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋም። እንዲያውም ያበዛዋል። 40 ሚሊ ግራም የነበረው ውሃ አራተኛው በእንፋሎት ቢሄድ ድስት ውስጥ የቀረው ከ53 በላይ ይሆናል። የውሃ ማከሚያ ክኒንና ክሎሪንም ተህዋስያንን ይገድላሉ እንጂ ናይትሬትን አይነኩትም። ለሕፃኑ ብላ ውሃ ደጋግማ የምታፈላ እናት ሳታውቀው እየጎዳችው ሊሆን ይችላል። ይህን ሳስብ ያመኛል።

ጉዳዩ በአገራችን አዲስ አይደለም። ድሬዳዋ ውሃዋን ከጉድጓድ የምታገኝ ከተማ ናት። ከርሰ ምድር ውሃዋ ውስጥ ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱና የሽንት ቤትና የሴፕቲክ ጉድጓዶች እጅ እንዳለበት በጥናቶች ሲነገር ቆይቷል። አሁን የሚያሳስበኝ ገና ገጠር የሚባሉት፣ ግን ቤቶቻቸው በየወሩ እየተጠጋጉ ያሉት ትናንሽ ከተሞች ናቸው።

## በምን መስፈርት እናወዳድር

ዋናው መስፈርት የጥያቄው ዓይነት ነው። ሦስት ጥያቄዎች ይምታታሉ።

"ይህ ውሃ ይጠጣል?" አንዱ ነው። "ናይትሬቱ የመጣው ከሽንት ቤት ነው ወይስ ከበረት፣ ከፍግ፣ ከዩሪያ?" ሌላው ነው። "እዚህ ሰፈር ሃምሳ ቤት ቢጨመር ከአሥር ዓመት በኋላ ውሃው ምን ይሆናል?" ሦስተኛው ነው። ለመጀመሪያው የሚበቃው መሣሪያ ለሁለተኛው አይሆንም። ሦስተኛውን ደግሞ ምንም ዓይነት የውሃ ምርመራ ብቻውን አይመልሰውም፤ ምርመራ የሚነግረን የዛሬውን ነውና።

ከዚያ በኋላ የማያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። መለኪያው 50 አካባቢ ምን ያህል ይታመናል? 5ን ከ100 መለየት ቀላል ነው፤ 45ን ከ55 መለየት ግን ሌላ ነው። ማን ይሠራዋል፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይስ የሠለጠነ ኬሚስት? መልሱ በስንት ጊዜ ይመጣል? ደግሞስ በክረምትና በበጋ ደጋግሞ ለመለካት አቅም ይፈቅዳል? ይህን የመጨረሻውን ከብዙዎች የበለጠ ክብደት እሰጠዋለሁ። ናይትሬት ከወር ወር ይለዋወጣል። አንድ ውድ ቁጥር ይዞ ከመቀመጥ አራት ርካሽ ቁጥሮች መያዝ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

የገንዘብ ዋጋን በብር አልጻፍኩም። በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በደረጃ ብቻ አስቀምጫለሁ።

## ግቢውን በዓይንና በገመድ መመርመር

ወጪው ገመድ፣ ወረቀትና ግማሽ ቀን ነው። የውሃ ጉድጓዱን መሃል ላይ አድርጋችሁ በዙሪያው 50 ሜትር ውስጥ ያለውን ሁሉ ሣሉ፦ ሽንት ቤት፣ ሴፕቲክ፣ ማስረጊያ፣ በረት፣ የፍግ ክምር፣ ማዳበሪያ የሚረጭበት ማሳ። ርቀቱን ጻፉ። መሬቱ ወዴት እንደሚያዘቀዝቅ በቀስት አመልክቱ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ስንት ሜትር ጥልቀት እንዳለው የቆፈረውን ሰው ጠይቁ። የውሃው ከፍታ ምን ያህል ላይ እንደሆነ ከባሊው ገመድ ለኩ።

ይህ ዘዴ የናይትሬት ቁጥር አይሰጥም። የሚሰጠው ጥርጣሬን ነው፤ ጥርጣሬ ደግሞ የት መለካት እንዳለብን ይጠቁማል። ሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ በዚህ ሥዕል ላይ ነው የሚቆሙት።

እዚህ ላይ ስለ 30 ሜትር ልናገር። በእርዳታ ሥራ ላይ የሚሠራበት መመሪያ ሽንት ቤት ከውሃ ምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር እንዲርቅና የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ እንዲል ይመክራል። ጥሩ ምክር ነው፤ አክብሩት። ነገር ግን በዋናነት የታሰበው ለተህዋስያን ነው። ተህዋስያን በመንገድ ላይ ይሞታሉ፣ ይጣራሉ። ናይትሬት አየር ባለበት ውሃ ውስጥ አይሞትም፣ አይጣራም። የሚቀንሰው ከሌላ ንጹህ ውሃ ጋር ሲቀላቀል፣ ወይም ኦክስጅን በሌለበትና የበሰበሰ ነገር በሞላበት አፈር ሲያልፍ ነው። አንድ ብቸኛ ሽንት ቤት በ30 ሜትር ላይ ብዙም ላያሰጋ ይችላል። በ100 ሜትር ላይ ያሉ ሰማንያ ሽንት ቤቶች ግን ያሰጋሉ። ለናይትሬት ወሳኙ ከርቀቱ ይልቅ የቤቶቹ ብዛት ነው።

## ስትሪፕ የሚባለው መመርመሪያ ወረቀት

ቀጭን የፕላስቲክ ቁራጭ ናት፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ነጭ ካሬ አለች። ውሃው ውስጥ ይነከራል፣ ይወጣል፣ በመመሪያው ላይ ለተጻፈው ሰዓት ይጠበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ነው። ካሬዋ ወደ ሮዝ ትሄዳለች። ናይትሬቱ በበዛ ቁጥር ሮዙ ይጠቁራል። ከዚያ ጠርሙሱ ላይ ካለው የቀለም ሠንጠረዥ ጋር ይነጻጸራል።

አክስቴ ግቢ ሦስት ወረቀት ነከርን። የመጀመሪያውን ፀሐይ ላይ ሆነን አየነውና ቀለሙ የ25ቱን መሰለን። ጥላ ስር ስንገባ ወደ 50ው ተጠጋ። ሦስታችን አየነው፤ ሦስታችንም የተለያየ ቁጥር አልን። ሁለተኛውን ሳንጠብቅ ስላነበብነው ፈዛዛ ሆነ። ሦስተኛውን በሞባይል ሰዓት ቆጥረን በጥላ ውስጥ አነበብነው። በ25 እና በ50 መካከል ነው ብለን ጻፍን። ከዚያ የተሻለ መናገር አንችልም ነበር።

የስትሪፕ ጥንካሬውም ድክመቱም ይኸው ነው። የሠንጠረዡ ቁጥር በናይትሬት የተጻፈ ሆኖ 5 ወይም 10 ካሳየ ስለ ናይትሬቱ ተረጋጉ፤ ስለ አጻጻፉ ላብራቶሪ ላይ ስደርስ እመለስበታለሁ። 100 እና ከዚያ በላይ ካሳየም ጥያቄው አልቋል። መሃል ላይ ሲሆን ግን ውሳኔ አይሰጥም። ጊዜው ያለፈበት ወይም እርጥበት የገባበት ጠርሙስ የውሸት ዝቅተኛ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ስትገዙ የማብቂያ ቀኑን ተመልከቱ፤ ክዳኑንም ወዲያው ክደኑ።

ያም ሆኖ ለሰፈር ቅኝት ከዚህ የሚሻል አላውቅም። በአንድ ጠርሙስ ወረቀት የሃያ ጉድጓድ ካርታ በአንድ ቅዳሜ ይሠራል።

## በእጅ የሚያዝ ፎቶሜትር

ውሃው ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፤ ዱቄት ወይም ክኒን ይጨመርበታል፤ ይናጣል። መሣሪያው ብርሃን አሳልፎ የቀለሙን ጥልቀት ራሱ ያነባል። ዓይን ከጨዋታው ይወጣል ማለት ነው። ለወረዳ የውሃ ጽሕፈት ቤት ወይም በርካታ ጉድጓዶችን ለሚከታተል ፕሮጀክት ተስማሚ ነው። መሣሪያው አንዴ ይገዛል፤ ዱቄቱ ግን ያልቃል። የዱቄቱ ወጪ ታስቦ ካልተያዘ መሣሪያው ከዓመት በኋላ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። በአንዳንዶቹ ዱቄቶች ውስጥ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረት ስላለ ትርፍራፊው መሬት ላይ አይደፋም።

ውሃው ከደፈረሰ ቁጥሩ ይዛባል። ስለዚህ ይጣራ፣ ወይም ይረፍ።

በኤሌክትሮድ የሚለኩ መሣሪያዎችም አሉ። ጨው የበዛበት ውሃ ያሳስታቸዋል። ከሽንት ቤት የሚመጣ ፍሳሽ ደግሞ ጨው አያጣውም። ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደሉም።

## ላብራቶሪ

50 አካባቢ እርግጠኛ ቁጥር ከተፈለገ፣ ወይም ውጤቱ ለቢሮ፣ ለክርክር፣ ለፕሮጀክት ሰነድ የሚቀርብ ከሆነ ላብራቶሪ ግድ ነው። ሌላው ጥቅሙ በአንድ ናሙና ብዙ ነገር መጠየቅ መቻሉ ነው። ከናይትሬት ጋር ናይትራይት፣ አሞኒየም፣ ክሎራይድ እና ኢ ኮላይ (ሰገራ ውሃው ውስጥ መግባቱን የሚጠቁም ባክቴሪያ) እንዲለኩላችሁ ጠይቁ። የኢ ኮላይ ናሙና ግን ላብራቶሪው በሚሰጠው ንጹህ ዕቃ ለብቻ ይወሰዳል፤ በዚያው ቀንም መድረስ አለበት።

አሞኒየም ለምን? የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውሃው ድረስ ከወረደ፣ ወይም አፈሩ ውሃ የተኛበት ጥቁር አፈር ከሆነ፣ ኦክስጅን ስለማይኖር አሞኒየሙ ወደ ናይትሬት አይለወጥም። ያን ጊዜ ናይትሬቱ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ሰውም "ንጹህ ነው" ብሎ ይሄዳል። እውነታው ግን ፍሳሹ በቀጥታ እየገባ መሆኑ ነው። ዝቅተኛ ናይትሬት ብቻውን የነፃነት ማስረጃ አይደለም።

ክሎራይድስ? የሰው ፍሳሽ ጨው ይዞ ይመጣል። ናይትሬትና ክሎራይድ በየጉድጓዱ አብረው ከፍ ዝቅ የሚሉ ከሆነ የሽንት ቤት ጥርጣሬ ይጠናከራል። ናይትሬቱ ከፍ ብሎ ክሎራይዱ ዝቅ ካለ ዐይናችሁን ወደ ማሳው ዩሪያ አዙሩ። ማረጋገጫ ባይሆንም በትንሽ ተጨማሪ ገንዘብ የሚገኝ ጥሩ ፍንጭ ነው።

የላብራቶሪ ውጤት የሚበላሸው ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ለናይትሬት ላብራቶሪው ጠርሙስ ካልሰጣችሁ ውሃ ብቻ የነበረበት ሃይላንድ ይሆናል፤ የለስላሳ ወይም የጁስ ጠርሙስ ግን አይሆንም። በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቁት። ፓምፕ ካለ ጥቂት ደቂቃ አፍስሱና ከዚያ ቅዱ። በረዶ ያለበት ሳጥን ውስጥ፣ ከብርሃን ርቆ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ ይድረስ። አርብ ከሰዓት የተቀዳ ናሙና ሰኞ ድረስ የትም ይቆያል። ሰኞ ወይም ማክሰኞ ቅዱ።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚወድቅበት ወጥመድ ልምጣ። የውጤት ወረቀቱ ላይ "12" የሚል ቁጥር አለ እንበል። 12 ምን? በናይትሬት የተጻፈ ከሆነ ከ50 በታች ነው፤ ምንም ችግር የለም። በናይትሮጅን የተጻፈ ከሆነ፣ ማለትም ናይትሬቱ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን ክብደት ብቻ ከሆነ፣ ግን በ4.43 ይባዛል። 53 ይሆናል፤ ከወሰኑ አልፏል። በናይትሮጅን ሲጻፍ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 11 ገደማ ነው። የአሜሪካው ወሰን 10 ነው፤ ይህም በናይትሬት 44 አካባቢ ማለት ነው። አንድ ላብራቶሪ በአንደኛው፣ ሌላው በሌላኛው ይጽፋል። አንዳንድ ስትሪፕም እንዲሁ ነው። ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት "በናይትሬት ነው ወይስ በናይትሮጅን?" ብላችሁ ጠይቁ።

በአሜሪካ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ዳር ዳሩን ቤት የምትገዙ ወገኖቼም ይህን ያዙ። የግል ጉድጓድና ሴፕቲክ ያለው ቤት ከሆነ የአሜሪካ ፌዴራል የመጠጥ ውሃ ሕግ የግል ጉድጓድን አይቆጣጠርም። የማስመርመሩ ኃላፊነት የባለቤቱ ነው። በዓመት ቢያንስ አንዴ ናይትሬትን ማስመርመር እዚያ የተለመደ ምክር ነው።

## ከላይና ከታች ያሉ ጉድጓዶችን ማነጻጸር

"ከየት መጣ?" ለሚለው ጥያቄ በእኔ ግምት በወጪውና በጥቅሙ ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከርሰ ምድር ውሃ ቆሞ አይቀመጥም፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሽንት ቤቶቹ ከመድረሳቸው በፊት ያለውን ጉድጓድና ካለፋቸው በኋላ ያለውን ጉድጓድ ለኩ። የላይኛው 8፣ የታችኛው 60 ከሆነ መሃል ላይ ያለው ነገር ናይትሬት ጨምሮበታል ማለት ነው።

ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ ቢያንስ ሦስት ጉድጓዶች ያስፈልጋሉ፤ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ሆነው። በየጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማችሁ ውሃው ስንት ሜትር ታች እንደሆነ ለኩ። ከዚያ የጉድጓዶቹን አፍ ከፍታ እርስ በርስ አነጻጽሩ። ለዚህ ግንበኞች ልክ የሚያወጡበት ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ጥሩ አድርጎ ይሠራል። ራቅ ላሉ ጉድጓዶች ደግሞ ቀያሽ መጥራት ይሻላል። ከአፉ ከፍታ ላይ የውሃውን ጥልቀት ስትቀንሱ የውሃውን ከፍታ ታገኛላችሁ። ውሃው ከፍ ካለው ወደ ዝቅ ወዳለው ይሄዳል። ብዙ ጊዜ የመሬቱን ቁልቁለት ይከተላል፤ በተሰነጠቀ ድንጋይ ውስጥ ግን ሊያታልል ይችላል።

በተሰነጠቀ ባዛልት ላይ ለተቀመጡ የደጋ ከተሞች ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው። በስንጥቅ ውስጥ ውሃ በቀናት ውስጥ ሩቅ ይደርሳል። በደለል አፈር ላይ ግን በዓመት ጥቂት ሜትር ብቻ ሊሄድ ይችላል። አዲስ የተሠራ ሴፕቲክ ዛሬ በታችኛው ጉድጓድ ላይ አለመታየቱ ገና መንገድ ላይ ስለሆነ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ጊዜ ለኩ። አንዴ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ። አንዴ በጥቅምት፣ ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ካወረደው በኋላ። ከተቻለ በየዓመቱ በእነዚሁ ወራት።

## በወረቀትና በእስክሪብቶ መገመት

የወደፊቱን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ብቻ ነው። አዲስ የመኖሪያ ቦታ ከመሸንሸኑ በፊት የመሬት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ቢያሰሉ ስንት ጣጣ ይቀር ነበር!

አንድ ምሳሌ አብረን እናስላ። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው፤ በአካባቢያችሁ ተኩ። አንድ ሰው በዓመት የሚያወጣው ናይትሮጅን እንደ ምግቡ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። 3 እንውሰድ። አምስት ሰው ያለበት ቤት 15 ኪሎ ያወጣል። ከዚህ 30 በመቶው ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳል ብንል 4.5 ኪሎ ነው። ወደ ናይትሬት ስንለውጠው፣ በ4.43 ስናባዛው፣ 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል።

አሁን የሚያቀጥነውን ውሃ እናስላ። በዓመት 150 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወደ ታች ይሰርጋል እንበል። ግቢው 500 ካሬ ከሆነ በዓመት 75 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰርጋል። 20 ኪሎውን በ75 ሜትር ኩብ ስናካፍለው በሊትር 267 ሚሊ ግራም ገደማ ይመጣል። ከወሰኑ አምስት እጥፍ በላይ! ያው ቤተሰብ አንድ ሄክታር ላይ ቢኖር 13 ብቻ ይሆናል። ከ50 ላለማለፍ በዚህ ግምት ለአንድ ቤት 2,700 ካሬ ገደማ ያስፈልጋል።

ውጤቱ ትክክለኛ ቁጥር አይደለም። 30 በመቶ ያልነው 10 ወይም 60 ሊሆን ይችላል። ግን በ500 ካሬ ላይ የተሸነሸነ ሰፈር የራሱን የጓሮ ጉድጓድ እየጠጣ ሊዘልቅ እንደማይችል ለማየት ይበቃል። እንዲህ ያለ ሰፈር ከሌላ ቦታ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ያስፈልገዋል።

## ኢሶቶፕና ሌሎች መለያዎች

ናይትሮጅን-15 የሚባለው ከባዱ ናይትሮጅን በሰውና በከብት ፍሳሽ ውስጥ ከፋብሪካ ማዳበሪያ ይልቅ በዛ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ዩሪያን ከፍሳሽ ለመለየት ይረዳል። ሽንት ቤትን ከበረት ግን አይለይም። በእኛ ገጠር ደግሞ ሁለቱም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ውድ ነው፣ ልዩ ላብራቶሪ ይጠይቃል፣ የሚተነትነው ባለሙያም ያስፈልጋል። በውጭ አገር የሰው ፍሳሽ ምልክት አድርገው ሰው ሠራሽ ማጣፈጫን ይፈልጋሉ፤ በገጠራችን እሱን የሚጠቀም ጥቂት ነው። ካፌይንም ምልክት ይሆናል ይባላል፤ አፈር ውስጥ ግን ቶሎ ይበሰብሳል። ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ወይም ለትልቅ የውሃ መስክ ካልሆነ በስተቀር ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አታውሉ።

## በአንድ እይታ

| ዘዴ | የሚመልሰው ጥያቄ | 50 አካባቢ ይታመናል? | ማን ይሠራዋል | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| በዓይንና በገመድ | የት ልለካ? | ቁጥር አይሰጥም | ማንም | ከምንም አይቆጠርም |
| ስትሪፕ | ይጠጣል? (ቅኝት) | አይታመንም | ማንም፣ በጥንቃቄ | ዝቅተኛ |
| ፎቶሜትር | ይጠጣል? | በመጠኑ | የሠለጠነ ሠራተኛ | መካከለኛ |
| ላብራቶሪ | ይጠጣል? ከነፍንጩ | አዎ | ኬሚስት | መካከለኛ፣ በናሙና |
| የላይና የታች ጉድጓድ | ከየት መጣ? | በሚለካበት መሣሪያ ይወሰናል | የውሃ ባለሙያ ወይም ትጉህ ማኅበር | መካከለኛ፣ ጊዜ ይወስዳል |
| ስሌት | ወደፊት ምን ይሆናል? | ግምት ነው | የሚያሰላ ሰው | ዝቅተኛ |
| ኢሶቶፕ | ማዳበሪያ ወይስ ፍሳሽ? | ለዚህ አይደለም | ልዩ ላብራቶሪ | ከፍተኛ |

## ለማን የትኛው

ቤት ውስጥ ጨቅላ ሕፃን ካለ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች። በስትሪፕ ጀምሩ፤ ዛሬውኑ። ከ25 በላይ ካሳየ ላብራቶሪ ላኩ። ውጤቱ እስኪመጣ ለሕፃኑ ምግብና ወተት የሚሆነውን፣ ነፍሰ ጡሯም የምትጠጣውን ውሃ ከሌላ ቦታ አምጡ። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ብቻ ይጥባ። የቀረው ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ከናይትሬቱ ብዙም አይጎዳም።

ገንዘብ የሌለው ነገር ግን ጥርጣሬ ያለው ቤተሰብ። የግቢውን ሥዕል ሥሩ። ከአምስትና ስድስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንድ ጠርሙስ ስትሪፕ ግዙ። ሁሉንም ጉድጓድ በአንድ ቀን ለኩ። ከሁሉም የባሰውን አንዱን ብቻ ላብራቶሪ ላኩና ወጪውን ተካፈሉ። ዕቁብ የሚጥል ሰፈር ይህን ማድረግ አያቅተውም።

ወረዳ ወይም የውሃ ኮሚቴ። ፎቶሜትርና ለሁለት ዓመት የሚበቃ ዱቄት አብራችሁ ግዙ። ከየአሥሩ ናሙና አንዱን ላብራቶሪ ልካችሁ መሣሪያችሁን ፈትሹ። በየቀበሌው ሦስት ሦስት ጉድጓድ መርጣችሁ በግንቦትና በጥቅምት ለኩ። መዝገቡን ሠራተኛ ሲቀየር እንዳይጠፋ በሁለት ቦታ አስቀምጡ።

መሬት የሚሸነሽን ወይም የኪራይ ቤት የሚሠራ። መጀመሪያ ስሌቱን ሥሩ። ከዚያ ከመቆፈራችሁ በፊት በዙሪያው ያሉትን ጉድጓዶች በላብራቶሪ አስለኩ። ያ ቁጥር በኋላ "እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት" ሲባል መከራከሪያችሁ ነው። ለጎረቤትም እንዲሁ።

በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያላችሁ። ናይትሬትን ስታስመረምሩ ፍሎራይድንም ጨምሩ። እዚያ ብዙ ጊዜ ዋናው ጠላት እሱ ነው፤ ለላብራቶሪውም ያው አንድ ናሙና ነው።

እኛ የአክስቴን ውሃ ማክሰኞ ጠዋት ቀድተን በረዶ ባለበት ሳጥን ላክነው። ጎረቤትየውም ሰምቶ መጣ፤ የእሱንም ጉድጓድ በዚያው ጉዞ አስቀዳ። ውጤቱ በናይትሮጅን ተጽፎ መጣ፤ በ4.43 አባዛነው። የሁለቱም ከ50 በታች ሆነ፤ የአክስቴ ግን ለጥቂት ነው። በጥቅምት እንደገና እንለካለን። እስከዚያ የልጅ ልጇ ወተት የሚበጠበጠው ከቧንቧ በጀሪካን በሚመጣው ውሃ ነው።